የሸመደድኳቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ድርሰት ስጽፍ አይመጡልኝም፤ ምን ይሻላል?

የአዘዞ ነርስ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለማስተርስ ውጭ አገር ላመለክት አስቤ ለአይኤልትስ፣ ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው፣ እየተዘጋጀሁ ነው። ማታ ተረኛ ስሆን፣ በሽተኛ ቀነስ ሲል፣ ከቴሌግራም ያወረድኩትን የከባድ ቃላት ዝርዝር አጠናለሁ። ትርጉማቸውን ብትጠይቁኝ እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ። ድርሰት ልጽፍ ስቀመጥ ግን አንዱም ትዝ አይለኝም። ዝርዝሩን ልቀጥል ወይስ ሌላ መላ አለ?

መምህር ከአራዳ፦
እህቴ፣ ያን ዝርዝር ተይው። እዚሁ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ የማየውን ልንገርሽ። ልጆቻችን ዝቅ ባሉት ክፍሎች በአማርኛ ተምረው 9ኛ ሲገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ያኔ የሚያስቸግራቸው «ፎቶሲንተሲስ» አይደለም። እሱንማ የባዮሎጂ መምህሩ ሥዕል ሥሎ ያስረዳቸዋል። የሚያስቸግራቸው «አሲዩም» (መገመት)፣ «ኮንሲስት» (መዋቀር)፣ «ዲራይቭ» (ከሌላ ነገር ማግኘት) ነው። በየመጽሐፉ አሉ፤ ቆሞ የሚያስረዳቸው ግን የለም። ይሄ ነገር ሁሌ ያንገበግበኛል።

እነዚህን ለይታ ያወጣችልን አቭሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ምሁር ናት። እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመችው ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦች፣ ማለትም አንድ ቃል ከእርባታዎቹ ጋር፣ አሉት። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ ከመቶው ቃል አሥር ያህሉ ከእነሱ ነው። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኚዋለሽ።

ስታጠኚ ደግሞ ቃሉን ብቻውን አትያዢው። «አሰስ»ን (መገምገም) ውሰጂ፤ በየቀኑ የምትሠሪው ሥራ ነው። «አሰስመንት» (ግምገማ) እና «ሪአሰስ»ን (እንደገና መገምገም) አጠገቡ ጻፊ። ከማን ጋር እንደሚሄድም ጻፊ፦ «አሰስ ዘ ፔሸንት» (በሽተኛውን መገምገም)፣ «አሰስ ዘ ሪስክ» (አደጋውን መገምገም)። ከዚያ ስለዚያ ቀን ተረኛነትሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሪበት።

የሕክምና ተማሪ፦
በመምህር ሐሳብ እስማማለሁ። ለእኛ ሙያ ግን የግሪክኛ ሥሮችንም ያዢ። «ሄፓር» ጉበት፣ «ኔፍሮስ» ኩላሊት፣ «አይቲስ» የሰውነት ክፍል መቆጣት መሆኑን ካወቅሽ፣ ሄፓታይቲስንም ኔፍራይቲስንም ሳትሸመድጂ ትረጃቸዋለሽ።

እንዳትረሺው ደግሞ የላይትነርን ዘዴ ሞክሪ። ጀርመናዊው ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው ነው። ቃሉን ካርድ ላይ ትጽፊያለሽ። ካወቅሽው ወደሚቀጥለው ሳጥን ያልፋል፤ እዚያ ያለውን ራቅ ባለ ጊዜ ነው የምታይው። ከሳትሽው ወደ መጀመሪያው ሳጥን ይመለሳል፤ እሱን ቶሎ ቶሎ ታይዋለሽ። ቁርጥራጭ ወረቀትና ባዶ ካርቶን ይበቃል።

መምህር ከአራዳ፦
ካርዱ ጥሩ ነው። ሥሩ ግን ለንባብ እንጂ ለአይኤልትስ ድርሰት ብዙም አያግዝም። ድርሰቱ የሚታረመው እኩል ክብደት ባላቸው አራት መስፈርቶች ነው፤ ቃላት ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። እዚያም ላይ የሚታየው ቃሉ በቦታው መግባቱ ጭምር ነው።

የአዘዞ ነርስ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ወንድሜ። ካርዱ ላይ ትርጉሙን በአማርኛ ልጻፈው?

መምህር ከአራዳ፦
በአማርኛ ጻፊው፣ ምንም ችግር የለውም። ከጀርባው ግን የሠራሽውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አስፍሪ፤ የቃሉን ቦታ ባዶ ተይው። ስትከልሺ ባዶውን ሙዪ። በመጪው ሳምንት አንድ አንቀጽ ጽፈሽ እዚሁ ለጥፊልን፤ አርሜ እመልስልሻለሁ።