«ከባድ ፌርሚዮን» ሲባል የከበደው ምኑ ነው?

ከደብረ ማርቆስ፦ ሰላም ቤተሰብ። እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏ ላይ «ከባድ ፌርሚዮን ብረታ ብረት» የሚል አስገብታለች። ፌርሚዮን ኤሌክትሮንን የሚጨምር የቅንጣት ዓይነት እንደሆነ፣ ስሙም ከፊዚክስ ሊቁ ከኤንሪኮ ፌርሚ እንደመጣ አውቃለሁ። ከባዱ ግን ምንድን ነው? ኤሌክትሮን ሁሉ እኩል አይደል እንዴ?

ከባሕር ዳር፦ እኩል ነው ወንድሜ፣ አንዱም ክብደት አልጨመረም። ነገሩ እንዲህ ነው። የሴሪየም፣ የይተርቢየም ወይም የዩራኒየም ውህድ ውስጥ እነዚህ አተሞች እያንዳንዳቸው ትንንሽ ማግኔት ናቸው። ብረቱ በጣም ሲቀዘቅዝ፣ ወደ ፍጹም ዜሮ ሲጠጋ ማለት ነው፣ ወዲያ ወዲህ የሚሉት ኤሌክትሮኖች ከነዚህ ማግኔቶች ጋር ይቆራኙና መንቀሳቀስ ይከብዳቸዋል። በክረምት የቢቸናን መረሬ በእግሩ ያቋረጠ ሰው ይገባዋል፤ ሰውየው አልወፈረም፣ ጭቃው ነው ያልለቀቀው። በ1975 እ.ኤ.አ. የሴሪየምና የአልሙኒየም ውህድ ሲለካ፣ የኤሌክትሮኖቹን የሙቀት አያያዝ የሚያሳየው ቁጥር 1,620 ሆነ። በዚያው መለኪያ መዳብ 0.7 ገደማ ነው! ቁጥሩ በተለቀ ቁጥር ኤሌክትሮኑ ከባድ ይባላል። «ከባድ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ዓይነት ልኬት ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ እሺ፣ ማግኔት ሲጠጋውስ? የእሷ ርዕስ እሱ ነው።

ከባሕር ዳር፦ ዋናው ጨዋታ እዚያ ነው። ጠንካራ መግነጢሳዊ መስክ ሲመጣ ትንንሾቹ ማግኔቶች ወደ እሱ ይዞራሉ፣ ቁርኝቱ ይላላል፣ ኤሌክትሮኖቹም ይቀልላሉ። ግን ዝም ብሎ እየቀለለ አይሄድም። የሴሪየም፣ የሩቴኒየምና የሲሊከን ውህድ ላይ መስኩ 7.8 ቴስላ (ቴስላ የመስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው) አካባቢ ሲደርስ ማግኔትነቱ ድንገት ይዘላል፤ ኤሌክትሮኖቹ እዚያ እስኪደርሱ ይብስባቸዋል፣ ካለፉ በኋላ ነው የሚቀልላቸው። ይተርቢየም ከሮዲየምና ከሲሊከን ጋር ሲሆን ደግሞ መስኩ በትክክለኛው አቅጣጫ ከመጣ የትንንሾቹን ማግኔቶች ሥርዓታዊ አሰላለፍ ለማፍረስ 0.06 ቴስላ ይበቃዋል። ትንሽ ነው እኮ!

ከእንጅባራ፦ ታዲያ «አስመሳይ ክብደት» ብንለውስ?

ከባሕር ዳር፦ ኧረ አስመሳይስ አትበለው፣ ኤሌክትሮኑ ማንንም አላጭበረበረም። «ክብደት»ም አይሆንም፣ እሱ የመሬት ስበት ነው። «ውጤታዊ መጠነ ቁስ» ይሻላል፣ ትንሽ የቢሮ ደብዳቤ ቢሸትም። ደግሞ በሙከራ የሚለካ ነገር ነው። መስኩን እየጨመሩ ሲሄዱ የብረቱ ማግኔትነት ከፍ ዝቅ ይላል፤ የደ ሃስና ቫን አልፈን ክስተት ይሉታል። ትንሽ ሲሞቅ ያ ከፍ ዝቅ ማለቱ ቶሎ ከጠፋ ኤሌክትሮኑ ከባድ ነው፣ ከቆየ ቀላል። እህትህ ይህን በአንድ አንቀጽ ብታስገባው ጥሩ ነው፣ አለበለዚያ አንባቢዋ ያንተኑ ጥያቄ ይጠይቃታል።