ከባሕር ዳር ተነሥቶ ሁለት ሌሊት በተራራ አገር ለማደር፦ የጉና ተራራን መንገድ እጠቁማለሁ

በትንሽ የቤት መኪና፣ እናትዎንና ሁለት ልጆችዎን ይዘው፣ ዓርብ ወጥተው እሑድ የሚመለሱበት፣ ተራራ የሚያሳይና በአነስተኛ የገጠር ከተማ ሆቴል የሚያሳድር መንገድ ስለጠየቁ፣ በተለያየ ጊዜ የሄድኩባቸውን ሦስት አቅጣጫዎች አነጻጽሬ የምመርጠውን እነግርዎታለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን በዚያው ሳምንት የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ። በመስመሩ በየቀኑ የሚመላለሱት የሚኒባስ ሾፌሮች የሚናገሩት ከማንም ወሬ ይልቅ ይታመናል፤ እነሱ «ይቅርብዎ» ካሉ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት ያቆዩት።

የሰሜኑ መንገድ ዝናው ትልቅ ነው። በአዲስ ዘመንና በእንፍራንዝ በኩል ጎንደር ለመድረስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል፤ በመንገድ ላይ እንደ ጣት ቀጥ ብሎ የቆመው የቋጥኝ ዓምድና በእንፍራንዝ አቅራቢያ ያለው የዐፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ቤተ መንግሥት ይታያሉ። ይሁን እንጂ እውነተኛው ተራራ የሚጀምረው ከጎንደር ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደባርቅ ሲደርሱ ስለሆነ፣ በሁለት ሌሊት ስሜንን አያለሁ ማለት አብዛኛውን ጊዜ መሪ ጨብጦ መዋል ነው። ሊማሊሞ ሎጅና ስሜን ሎጅ በአቀማመጣቸው የሚያስቀና ማረፊያ ናቸው፤ ነገር ግን እርስዎ የጠየቁት አነስተኛ ሆቴል በመሆኑ እነሱን ለአምስት ቀን ፈቃድ ያቆዩአቸው።

የደቡቡ መንገድ ለሹፌር የሚቀልለው ነው። በመራዊ፣ በዱርቤቴና በዳንግላ አልፎ እንጅባራ እስኪደርሱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ ቅዳም ወዲህና ወዲያ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ደንና በመንገድ ዳር የተደረደረ በማዳበሪያ የታሰረ ከሰል ያያሉ። ከእንጅባራ ትንሽ እልፍ ሲሉ ከዋናው አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ጸጥ ያለ ውሃ ነው፤ ልጆች በጣም ይወዱታል። ጥር 23 ከሆነ ግን የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት ቀን ስለሆነ ቀድመው ካልያዙ አልጋ አያገኙም። ይህን መንገድ ሁለተኛ ያደረግኩት ኮረብታና ደን እንጂ ከፍ ያለ ተራራ ስለማያሳይ ብቻ ነው።

የእኔ ምርጫ ምሥራቁ ነው። እስከ ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በፎገራ ሜዳ፣ በሩዝና በሽንኩርት ማሳ መካከል ይነዳሉ፤ ከዚያ የጎንደሩን መንገድ ወደ ግራ ትተው በዓለም በር በኩል ሽቅብ ሲወጡ ከ40 ኪሎ ሜትር በኋላ ደብረ ታቦር ይደርሳሉ። ጣና በ1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ ከባሕር ዳር በሸሚዝ ወጥቶ ማታ ጋቢ መፈለግ የሚያስገርም አይደለም። የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያ ያድሩ። ከሰዓት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስሠሩበት ጋፋት ከከተማው ብዙ ስለማይርቅ ልጆቹን ይውሰዷቸው፤ በትምህርት ቤት የሰሙትን ቦታ በእግራቸው ሲረግጡት ስሜቱ ሌላ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ በጋሳይና በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ ይቀጥሉ። ጉዞው የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን ጉናን እየተጠጉ ሲነዱ፣ የገብስና የድንች ማሳው በድንጋይ ካብ ተከፋፍሎ፣ በጎቹ ከነእረኞቻቸው ጥጋጥጉን ይዘው ይታያሉ። በሚያርፉበት ቦታ ለልጆችዎ አንድ ነገር ይንገሯቸው፦ እዚህ የሚዘንበው ዝናብ በጉማራና በርብ ወንዞች ወርዶ ጣና ስለሚገባ፣ ቤታችሁ አጠገብ የምታዩት ውሃ ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው። ወደ ጫፉ ወጥቶ የጓሳ ሣሩንና ጅብራ የሚባለውን የውርጭ ተክል ለማየት ለሚፈልግ ሰው የአካባቢ መሪ ይዞ የሚሄድበት ሙሉ ቀን ያስፈልገዋልና፣ እናትዎን ይዘው አይሞክሩት። የደም ግፊት ካለባቸውም ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በነፋስ መውጫ ከማደር ይልቅ፣ ምሳ በልተው ሁለተኛውንም ሌሊት ደብረ ታቦር ተመልሰው ቢያድሩ ይሻላል። ነፋስ መውጫ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም።

ስለ ሆቴሎቹ፣ በመንገዱ ላይ ያሉትን በሁለት ከፍዬ አያቸዋለሁ። አንደኛው ወገን አስፋልቱን ተደግፎ የተሠራ ፎቅ፣ ከሥሩ መጠጥ ቤት ያለው ነው፤ ክፍሉ አዲስና ንጹሕ ቢሆንም እስከ ስድስት ሰዓት ሙዚቃ፣ ከዚያ በኋላ የሲኖትራክ ድምፅ አያስተኛም። ሁለተኛው ወገን ገባ ብሎ በግቢ ውስጥ ያለ፣ ዘበኛ ያለውና መኪና የሚያሳድር ባለ አንድ ፎቅ ወይም ምድር ቤት ነው። አልጋው አሮጌ ቢሆንም እኔ ሁልጊዜ ይህኛውን እመርጣለሁ። ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ቧንቧውን ከፍተው ውሃው መሞቁን በእጅዎ ይሞክሩ። አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ቤት፣ «ሙቅ ሻወር 24 ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ አምኜ ከፍዬ፣ መብራት በመጥፋቱ በግማሽ ጀሪካን የፈላ ውሃ ተለቃለቅሁ፤ ጀሪካኑን ያመጣችው ሴትዮ «ልጄ፣ ማስታወቂያው ውሸት አይደለም፤ መብራቱ ነው ውሸታም» አለችኝ። ብርድ ልብስም ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ይጠይቁ፤ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። ቡሄ በሚውልበት ነሐሴ 13 ሰሞን ደግሞ ደብረ ታቦር በእንግዳ ስለሚጨናነቅ ቀድመው ይደውሉ።

ምግቡን በተመለከተ፣ ዓሣ ከወረታ ወዲህ ይብቃዎት። ከዚያ በላይ የፋርጣ በግ ጥብስ፣ ዓርብ ከሆነ ደግሞ ሽሮና የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ነው። ድንቹን አይናቁት። በቀዝቃዛ ጠዋት በቆርቆሮ ሳሕን ላይ እየጨሰ ቀርቦ፣ ልጣጩ በጣት ሲነካ ተላቆ ሲወርድና ጤና አዳም ያለበት ቡና አጠገቡ ሲቀመጥ፣ የባሕር ዳር ቁርስ ትዝ አይልም።

ትንሿ መኪና መንገዱን ትችለዋለች፤ ነገር ግን እስኮርታ ጎማዎን ጎሚስታ ጋር አስነፍተው፣ ክሪኩ መኖሩን አይተው፣ ነዳጅ ከባሕር ዳር ሞልተው ይውጡ። መንዳቱ የሚያሳስብዎት ከሆነ መኪና በኮንትራት ከነሾፌሩ መያዝ ይቻላል፤ ሲዋዋሉ የነዳጁን፣ የሾፌሩን አበልና የአልጋውን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ካልተነጋገሩ፣ ክርክሩ እሑድ ማታ ቤትዎ በር ላይ ይጠብቅዎታል።

እሑድ ሲመለሱ ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ ያለውን ቁልቁለት ፍሬን ብቻ ይዘው አይውረዱ፤ በሁለተኛ ማርሽ ያዝ አድርገው፣ ፍሬኑ የግለት ሽታ ካመጣ ዓለም በር ላይ ሻይ ጠጥተው ያቀዝቅዙት። ወረታ ሲደርሱ ሽንኩርት መግዛት ይቻላል፤ በጆንያ ከገዙ ግን ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች እግራቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ያጣሉ።