ትንሽ ጀልባ ላይ ጣሪያ ማሠራት፦ ትገለበጣለች ወይስ ወሬ ነው?

የጅማ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ከጓደኞቼ ጋር የገዛናት የፋይበር ጀልባ አለችን፤ ርዝመቷ 5 ሜትር፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ60። ግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ላይ ከነነጂው 6 ሰው እንጭንባታለን። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ከሰዓት ድንገት ይወርድና እንግዳው በስብሶ ይመለሳል። መርካቶ ያለ በያጅ ቱቦላሬ አቁሞ ቆርቆሮ ሊያለብስልን፣ ጎኑንም በላስቲክ ሊጋርድልን ተነጋግረናል። ቀብድ ገና አልከፈልንም። አንድ ዓሣ አስጋሪ ግን «ጣሪያ ከሠራችሁላት ትገለበጣለች» አለን። እውነት ነው?

በያጅ ነኝ፦
ወንድሜ፣ ቀብዱን ያዝ። እኔ በዚሁ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ቱቦላሬና ቆርቆሮ ለበረንዳ እንጂ ለእንዲህ ያለች ጀልባ አይሆንም። በትንሹ 60 ኪሎ ይወጣዋል። ቀለል ያለ የአሉሚኒየም ቱቦና ሸራ አሠራ፤ ወደ 15 ኪሎ ታወርደዋለህ።

ፊዚክስ አስተማሪ፦
በቁጥር እንየው። ጀልባዋ፣ ሞተሩ፣ ነዳጁና ሰዉ አንድ ላይ 750 ኪሎ ናቸው እንበል። ከዚህ ሁሉ የክብደት ማዕከል 1 ሜትር ከ30 ከፍ ብሎ 60 ኪሎ ቆርቆሮ ሲቀመጥ፣ ማዕከሉ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል፤ ማዕከሉ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ጀልባ በቀላሉ ትገለበጣለች። ሦስት ተሳፋሪ ከመቀመጫው ተነስቶ እንደቆመ ቁጠረው፤ ልዩነቱ እነሱ ይቀመጣሉ፣ ቆርቆሮው አይቀመጥም። በ15 ኪሎው ሸራ ግን 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የጎኑ ላስቲክ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 6 ኪሎ ያህል ይገፋል። የናንተ ግርዶሽ 5 ካሬ ሜትር ከሆነ 30 ኪሎ፣ ያውም ከላይ በኩል። ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፤ 120 ኪሎ ማለት ነው። ዝናቡ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፣ ነፋሱን ይዞት ነው የሚመጣው። ላስቲኩን የምትዘጉት ልክ በዚያ ሰዓት ነው!

የጣና ጀልባ ነጂ፦
አስተማሪው ልክ ነው። «ጣና ላይ ጣሪያ ያላቸው ጀልባዎች አሉ» የሚላችሁ ይኖራል፤ እነዚያ ግን ከናንተዋ ሰፋፊ ናቸው። ሌላው፣ ሰው ምሰሶ ካገኘ ይዞ ይቆማል፣ ልጅ ካለ ይንጠለጠላል። ሲሳፈሩም ሲወርዱም ምሰሶውን እንዳይጎትቱ ንገሯቸው።

ሸራውን ደግሞ ቀስት አድርጋችሁ ወጥሩት። ከረገበ ዝናብ ያቁራል፤ 2 በ1 ሜትር ቦታ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ከተኛ 60 ኪሎ ነው። የሸሻችሁት ቆርቆሮ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ያውም ጀልባዋ ወዳዘነበለችበት የሚፈስ።

እህታችሁ፦
ስለ መገልበጥ ብቻ አታስቡ፤ መውጫውንም አስቡበት። አሜሪካ ውስጥ ሚዙሪ፣ ብራንሰን አጠገብ ባለ ሐይቅ ላይ በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ባለ ጣሪያ የቱሪስት ጀልባ በማዕበል ሰጥማ ከ31 ሰው 17ቱ ሞተዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. አርካንሳ ውስጥም ተመሳሳይ ጀልባ ሰጥማ 13 ሰው ካለቀ በኋላ፣ የአደጋ መርማሪዎቹ በእንዲህ ዓይነት ጀልባዎች ላይ ያለው ጣሪያ እንዲነሳ መክረው ነበር። ላይፍ ጃኬት ሰውን ወደ ላይ ነው የሚገፋው፤ ከላይ ጣሪያ፣ ከጎን የታሰረ ላስቲክ ካለ እዚያው ያጣብቀዋል።

የጅማ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ቆርቆሮው ቀርቷል። ሸራ ካደረግን ጎኑን ጨርሶ ክፍት እንተወው? እንግዳው እኮ ይበሰብሳል።

የጣና ጀልባ ነጂ፦
ክፍት ተወው፤ ለእንግዳው የዝናብ ልብስ ግዛለት፣ ከላስቲኩ ይረክሳል። ሸራው የሚታጠፍ ይሁን፤ ደመናው ሲጠቁር አጥፋችሁ አስራችሁ ወደ ዳር ውጡ። ከፍታውም ተቀምጦ ራስ የማይነካ ከሆነ ይበቃል፣ ቆሞ ለመሄድ ብላችሁ አታስረዝሙት።

ፊዚክስ አስተማሪ፦
ከመግጠማችሁ በፊት ዳር ላይ፣ ጥልቀቱ ወገብ በሚደርስበት ቦታ፣ ባዶዋን ጀልባ በጎን ወዝውዛችሁ ልቀቋትና አሥር ጊዜ ለመወዛወዝ የሚፈጅባትን ሰከንድ ያዙ። ከገጠማችሁ በኋላ ድገሙት። አወዛወዟ በግልጽ ከዘገየ፣ ጎንበስ ብላም ለመመለስ ከተንቀረፈፈች፣ ጣሪያው ከብዷታል፤ ዝቅ አድርጉት ወይም አንሱት። ከዚያ ሰው ሞልታችሁ ሁለቱን ወደ አንድ ጎን አስጠጉና ጠርዟ ከውሃው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚቀረው ለኩ። ላይፍ ጃኬት ሳይለብስ ማንም አይግባ።