ከፒኤችፒ ወደ ዴቭኦፕስ ልዙር ወይስ ወደ ዳታ?

ሰላ ድንጋይ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተመረቅኩ ጀምሮ በላራቬል (በፒኤችፒ ቋንቋ የሚሠራ ማዕቀፍ) የመጋዘንና የሽያጭ ሲስተም እሠራለሁ፤ ደንበኞቻችን አከፋፋዮችና ሱቆች ናቸው። ሥራውን አልጠላሁትም፣ ግን ሁሌ ያው ፎርም፣ ያው ሪፖርት ሆነብኝ። ወደ ዴቭኦፕስ (ሲስተሞችን ሰርቨር ላይ አስነስቶ ማስተዳደር) ወይም ወደ ዳታ ኢንጂነሪንግ (ዳታን ሰብስቦ ለሪፖርት ማዘጋጀት) መዞር እፈልጋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ደመወዜ እንዳይወርድ ነው። ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ለመለማመድ ደግሞ የውጭ ካርድ ይጠይቃሉ፣ እኔ የለኝም። መብራቱንና ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆንም እናቴን ትቼ መሄድ አልችልም። ከየት ልጀምር?

ጣርማበር
እህቴ፣ ለመጀመር ክላውድ አያስፈልግሽም። ላፕቶፕሽ ላይ ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ጫኚና ኡቡንቱ ሰርቨር የሚባለውን ሊኑክስ አስገቢበት። ከዚያ የራስሽን የላራቬል ሲስተም ዶከር ላይ አስነሺው፤ ዶከር ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ሳጥን ውስጥ ያስኬዳል። ኤንጂንኤክሱ (ዌብ ሰርቨሩ)፣ ፒኤችፒውና ማይኤስኪውኤሉ (ዳታቤዙ) በየራሳቸው ኮንቴይነር ይሁኑ። ኢሜጆቹን (ኮንቴይነሮቹ የሚነሱባቸውን ፋይሎች) ኔትወርክ ሲኖር አንዴ ካወረድሻቸው በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ቀጥለሽ የማይኤስኪውኤሉን ኮንቴይነር ሆን ብለሽ ሰርዢና እንደገና አስነሺው። ስም ያለው ቮልዩም (ከኮንቴይነሩ ውጭ ዳታ የሚቀመጥበት ቦታ) ካላሰርሽለት ዳታቤዙ ባዶ ሆኖ ይነሳል። ይህን አንዴ በዓይንሽ ካየሽ አትረሺውም።

ኩበርኔቲስን (ብዙ ኮንቴይነሮችን በብዙ ሰርቨር ላይ የሚያስተዳድረውን) ለኋላ አቆዪው። ሊኑክስና ኔትወርክ ሳይገባቸው ከእሱ ጀምረው ተስፋ የቆረጡ ብዙ ናቸው።

ስለ ደመወዙ፣ ሥራሽን አትልቀቂ። አሁን ባለሽበት መሥሪያ ቤት «ባካፑንና (የዳታ መጠባበቂያ ቅጂውን) ዲፕሎይመንቱን (አዲስ ሥራ ሰርቨር ላይ መጫኑን) እኔ ልያዘው» በያቸው። ማንም አይከለክልሽም፤ ሲቪሽ ላይም እውነተኛ ልምድ ሆኖ ይጻፋል።

መሐል ሜዳ
እኔ ዳታ እላለሁ፤ ግማሹን መንገድ ሄደሽበታል። የመጋዘን ሲስተም የሠራ ሰው ስቶኩ ከቆጠራው ጋር ለምን እንደማይገጥም ያውቃል። ይህን ኮርስ ላይ አታገኚውም።

ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ ጫኚ፣ ዊንዶው ፈንክሽኖችን (እንደ ተጠራቃሚ ድምር ያለ ስሌት በረድፎች ላይ የሚሠሩ የኤስኪውኤል ትእዛዞች) ተማሪ፣ ከዚያ የፓይተን ቋንቋ ጨምሪ። ለፓይተኑና ለዳታ ሳይንስ መነሻ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ የነፃ ሥልጠና አለ፤ አሁንም ክፍት መሆኑን እዪ። ከዚያ የሽያጭ ዳታ ከማይኤስኪውኤል አውጥቶ ፖስትግሬስ ላይ የሚጭን ስክሪፕት ጻፊ። መብራት መሃል ላይ ጠፍቶ ስክሪፕቱ እንደገና ቢነሳ ያው ሽያጭ ሁለቴ መግባት የለበትም። የደረሰኝ ቁጥሩን ልዩ ቁልፍ (የማይደገም መለያ) አድርጊና በኦን ኮንፍሊክት፣ ማለትም ቁጥሩ ቀድሞ ካለ እንዳይደገም በሚያደርገው የፖስትግሬስ ትእዛዝ፣ አስገቢ። ቀኑንም አስቢበት፤ ደንበኛው የወር ሪፖርት የሚፈልገው በኛ አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ናትና ለብቻዋ ታይ ወይስ ነሐሴ ላይ ትደመር ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂው። ኢንተርቪው ላይ ከሰርተፍኬት ይልቅ ይህን ማስረዳት ያዋጣሻል።

አደራ፣ የደንበኛ ዳታ ያለ ፈቃድ እንዳትነኪ። የፈጠራ ዳታ ይበቃል።

አንኮበር
ልጄ፣ እኔ ፋብሪካ ውስጥ አውቶሜሽን ላይ ነው ያለሁት። ሁለቱም ጥሩ መክረውሻል፣ ግን አጠገብሽ ያለውን ዘለሉት። ደብረ ብርሃን ከብርድ ልብስ እስከ ቢራ የሚያመርት ፋብሪካ አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ማሽኖቹን የሚመራቸው ፒኤልሲ የሚባል የፋብሪካ ኮምፒውተር ነው፤ ብዙዎቹ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ሞድበስ በሚባል ፕሮቶኮል (የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ደንብ) ይነበባሉ። እኔ በማውቃቸው ቦታዎች ቁጥሩ ማሽኑ ውስጥ እያለ ኦፕሬተሩ በየሰዓቱ በእስክሪብቶ መዝገብ ላይ ይጽፈዋል። ይህን ወደ ዳታቤዝ የሚያመጣ ሰው እንፈልጋለን።

ሞድበስን የሚያነብ ፓይሞድበስ የሚባል የፓይተን ላይብረሪ አለ። ከሲሙሌተር (ማሽኑን ከሚያስመስል ፕሮግራም) ጋር ላፕቶፕሽ ላይ ተለማመጂ። አንድ ሬጅስተር (ማሽኑ ቁጥር የሚያስቀምጥበት ቦታ) 16 ቢት ነው፤ 32 ቢት የሆነ ቁጥር በሁለት ሬጅስተር ይመጣል፣ የትኛው እንደሚቀድም ደግሞ እንደ አምራቹ ይለያያል። ሙቀቱ የማይመስል ቁጥር ካሳየሽ መጀመሪያ እሱን እዪ። እየሠራ ያለ ማሽን ላይ ግን ማንበብ ብቻ ነው! በስህተት የጻፍሽው ቁጥር ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ጣርማበር
ጋሼ ያሉት ደስ ይላል፤ ለዚህ ብቻ የሚወጣ ማስታወቂያ ግን ብዙም አላይም። ዋናውን ዳታ አድርጊና ይህን ጨምሪበት።

ሰላ ድንጋይ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዳታው እጀምራለሁ፤ ባካፑንም ሰኞ አለቃዬን እጠይቃለሁ። ጋሼ፣ ፓይሞድበስ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል?

አንኮበር
ይሠራል። ፓይተን ካለሽ ይበቃል። ሲሙሌተሩን ስታስነሺ ፖርት 502 (የሞድበስ የተለመደው የኔትወርክ መግቢያ ቁጥር) እምቢ ካለሽ 5020 አድርጊው።