የቢሊ አይሊሽ ሹክሹክታ፦ ምርጫ ወይስ የድምፅ ማነስ?

ጠያቂ፦
ልጄ ከቢሊ አይሊሽ የሚበልጥ ድምፃዊ የለም ባይ ናት። እኔ ግን ምሥጢር በጆሮ እንደሚያንሾካሹክ ሰው ያለው አዘፋፈኗ የድምፅ አቅም ማነስን የሚሸፍን ይመስለኛል። ሥራውን አብዛኛውን የሚሠራው ወንድሟ ፊኒየስ ነው ሲባልም እሰማለሁ። በእርግጥ አድጋለች ማለት ይቻላል?

አቀናባሪው፦
የወንድሟ ድርሻ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ13 ዓመቷ ሳውንድክላውድ በተባለው የሙዚቃ ማጋሪያ ድረ-ገጽ ላይ የተለቀቀውን «ኦሽን አይስ» የጻፈው እርሱ ነው፤ እርሷ የዘፈነችው የዳንስ መምህሯ ለውዝዋዜ የሚሆን ዘፈን ስለጠየቃት ነበር። በ2019 የወጣውን የመጀመሪያ አልበም አብዛኛውን ግጥምና ዜማ ግን በጋራ ደርሰውታል፤ የተቀረጸውም ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የወላጆቻቸው ቤት፣ በፊኒየስ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። በሰዓት በሚከፈልበት ስቱዲዮ ቢሠሩ ኖሮ፣ በአንዱ ዘፈን የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ፣ በ«ባድ ጋይ» ደግሞ የአውስትራሊያ የእግረኛ ማቋረጫ መብራት ጠቅታ ለማስገባት ጊዜ የሚኖራቸው አይመስለኝም። ሹክሹክታውን በተመለከተ፣ ዘፋኝ ማይክሮፎኑን ተጠግቶ በለሆሳስ ሲዘፍን ትንፋሹና የከንፈሩ መላቀቅ ሳይቀር ስለሚቀረጽ፣ የቃና መዛነፍን እንደ ጩኸት መደበቅ አይቻልም። ከቀረጻ ክፍል የማውቀው ይህንን ነው።

የመዘምራን አሠልጣኝ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ በልጅነቷ በሎስ አንጀለስ የሕፃናት መዘምራን ውስጥ መዘመሯንም አይርሱ። የ2021ዱን አልበም መጠሪያ ዘፈን ያዳምጡ። መጀመሪያ በጊታር ታጅባ ለራሷ የምታወራ ያህል ትዘፍናለች፤ ከአጋማሹ በኋላ ኤሌክትሪክ ጊታሩና ከበሮው ሲገቡ ድምፅዋን ለቅቃ ትጮኻለች። ያን ጩኸት ያን ያህል ከባድ ያደረገው ቀድሞ የመጣው ዝምታ ነው።

ሌላ አባል፦
እኔ በጥቂቱ እለያለሁ። በ2020 አራቱን ዋና ዋና የግራሚ ሽልማቶች በአንድ ምሽት ስትወስድ 18 ዓመቷ ብቻ ስለነበር፣ ብዙ ሰው ዕድገቷ እዚያ ያበቃ መስሎት ነበር። ለእኔ የበሰለችው ግን ለ«ባርቢ» ፊልም በተሠራው የ2023ቱ ዘፈን ነው፤ ፒያኖው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ የምትደበቅበት የድምፅ ቅንብር ብልሃት የለም፣ ግጥሙም ለምን እንደተፈጠረች የምትጠይቅ ሴት ጥያቄ ነው። በ22 ዓመቷ ሁለተኛውን ኦስካር ያገኘችበት እርሱ ነው። የምትጮህበትን ዘፈን ዕድገት፣ የምታንሾካሹክበትን ጅማሬ ማለት አይዋጥልኝም።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። እስካሁን በመኪና ሬዲዮ ብቻ ነበር የሰማኋት፤ ዛሬ ማታ የልጄን የጆሮ ማዳመጫ ተውሼ ሁለቱንም ዘፈኖች ከመነሻቸው አዳምጣለሁ።