ሰው መግደል፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539፣ 540፣ 541 እና 543 በተግባር እንዴት ይለያሉ?

ሸዋ በር
ሰላም ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች። ሕግ የምታውቁ አብራሩልን። ሁለት ምሳሌ ላስቀምጥ፤ ሁለቱም ለጥያቄው የተፈጠሩ ናቸው። አንደኛው፦ ሰኞ ገበያ ሁለት ሰዎች በበግ ዋጋ ተጣልተው አንዱ ሌላውን በዱላ ጭንቅላቱን ይለዋል፤ ተመቺው ሆስፒታል ገብቶ በሳምንቱ ይሞታል። ሁለተኛው፦ የአይሱዙ ሾፌር ሐረጎን (በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ቁልቁለት) ሲወርድ ፍሬን አልይዝ ብሎት እግረኛ ይገድላል። ሁለቱም “ልገድል አላሰብኩም” ይላሉ። ታዲያ አንዱ 20 ዓመት ድረስ ሊፈረድበት ሌላው በመቀጮ የሚወጣው በምን ሒሳብ ነው? ሽማግሌ ገብቶ ደሙ ከደረቀስ ክሱ ይቀራል?

ቦርከና
መጀመሪያ ቅጣቶቹን ላስቀምጥ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ 539 ከባዱ ግድያ ነው፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። 540 ተራው ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። 541 ቀላሉ ነው፤ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት። እነዚህ ሦስቱ አስቦ መግደል ናቸው። በቸልተኝነት መግደል 543 ላይ ለብቻው ተቀምጧል።

“አላሰብኩም” ማለት ብቻውን ሰውን ከ540 አያወጣም። አንቀጽ 58 ማሰብን በሁለት መንገድ ነው የሚያየው፤ አንዱ ሞቱን ፈልጎ ማድረግ፣ ሌላው ሊሞት እንደሚችል እያወቀ “የመጣው ይምጣ” ብሎ ማድረግ። በዱላ ጠብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያከራክረው ሁለተኛው ነው። የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ያየ ዳኛ ስለሌለ አሳቡ የሚነበበው ከድርጊቱ ነው፦ ዱላው ምን ዓይነት ነበር፣ ምቱ የት አረፈ፣ ስንት ጊዜ፣ ሰውየው ከወደቀ በኋላ ተደገመ ወይ፣ ከምቱ በፊት ምን ተባለ፣ መቺው ተጎጂውን አነሳ ወይስ ጥሎት ሄደ። በወፍራም ዱላ ጭንቅላትን ደጋግሞ የመታ ሰው “ለማስፈራራት ነው” ቢል የሚያምነው የለም። በሌላ በኩል አንዴ በጥፊ መትቶት ተንገዳግዶ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ቢሞት፣ የታሰበው ጉዳት ማድረስ ነው፤ ሞቱ በቸልተኝነት ነው የሚመዘነው። 58(3) ሰውን ካሰበው በላይ አስቦ እንዳደረገ አድርጎ መቅጣትን ይከለክላል።

በሳምንቱ መሞቱ ለመቺው ማምለጫ አይሆንም። አንቀጽ 24 የሚጠይቀው በምቱና በሞቱ መካከል የምክንያትና ውጤት ግንኙነት መኖሩን ነው። ቁስሉ አመርቅዞ ቢሞት ግንኙነቱ አልተቋረጠም። ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ መኪናው ተገልብጦ ቢሞት ግን ሌላ ነው፤ ጣልቃ የገባው ምክንያት ብቻውን ሞቱን ለማድረስ በቂ ከሆነ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቤተሰብ “አስከሬኑ አይነካ” ብሎ ምርመራ ሳይደረግ በዕለቱ ይቀብራል፤ ከዚያ ተከሳሹ “በሌላ በሽታ ነው የሞተው” ሲል ዐቃቤ ሕግ እጁ ላይ የሚቀረው የመጀመሪያው ቀን የሕክምና ካርድ ብቻ ይሆናል። ሐዘኑ ቢገባኝም፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት የሌለው የግድያ መዝገብ ወገቡ የተሰበረ ነው።

የጦሳ ልጅ
ቦርከና በደንብ አስቀምጦታል። 539ን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አቅዶ የገደለ ሁሉ 539 ነው የሚል እምነት በሰፊው አለ፤ ልክ አይደለም። ዕቅዱ፣ መነሻው፣ መሣሪያው ወይም አገዳደሉ የሰውየውን የተለየ ጨካኝነት፣ ነውረኛነት ወይም አደገኛነት ማሳየት አለበት። ለመግደል ወይም በመሣሪያ ለመዝረፍ በተደራጀ ቡድን አባልነት የተፈጸመ ግድያ፣ እንዲሁም ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመደበቅ ሲባል የተፈጸመ ግድያ እዚያው ይገባል።

541 ደግሞ “ሳያስብ የገደለ” ማለት አይደለም። ገዳዩ አስቧል፤ ሕጉ የሚያቀልለት ሁኔታውን አይቶ ነው። አንዱ በር ራስን ለመከላከል ወይም ከአስገዳጅ ችግር ለመውጣት ሲባል ከልክ ማለፍ ነው። ሌላው በከባድ ማነሣሣት፣ በድንገተኛ ድንጋጤ ወይም በብርቱ ስሜት ውስጥ ሆኖ መግደል ነው፤ ያውም ስሜቱ ሁኔታው ሲታይ የሚገባና በመጠኑም ይቅር የሚያሰኝ ሲሆን ብቻ። የበግ ዋጋ ክርክር እዚህ ደረጃ አይደርስም። ተሰድቦ ቤቱ ሄዶ፣ ገጀራ ይዞ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተመለሰ ሰውም 541ን ለመጥቀስ ይቸገራል፤ ደሙ የሚበርድበት ጊዜ አግኝቷልና። ጠበቆች ማነሣሣትን ሲያነሡ ደቂቃ የሚቆጥሩት ለዚህ ነው።

ራስን መከላከል የሚባለውም ጥቃቱ ሕገወጥ ሆኖ እየደረሰ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ሌላ ማምለጫ ሳይኖርና በተመጣጣኝ ኃይል ሲሆን ነው፤ ያኔ በአንቀጽ 78 ጨርሶ አያስቀጣም። ከልክ ያለፈው ጥቃቱ ባስከተለው ይቅር የሚባል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 79 ፍርድ ቤቱ ቅጣት ሳይጥል ሊተወው እንደሚችል ይናገራል። ይህን የሚያነሣው ጥቂት ተከሳሽ ነው፤ ያሳዝናል።

ሐረጎ ቁልቁለት
ስለ ሾፌሩ። በመቀጮ ይወጣል ያልከው ልክ አይደለም፣ ወንድሜ። እስራት ወይም መቀጮ የሚያስመርጠው 543(1) ነው፤ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር። ሾፌርና ሐኪም የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ስላለባቸው በ543(2) ነው የሚጠየቁት፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ከዚያ *በተጨማሪ* ከ3,000 እስከ 6,000 ብር። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ፣ ወይም ጠጥቶ ራሱን ከሳተ 543(3) ነው፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ከ10,000 እስከ 15,000 ብር ጋር። የሙያ ግዴታው ሳይታይ በ543(1) የተከሰሰ ሾፌር ካለ አንቀጹ ተሳስቷል ማለት ነው።

ሐረጎ ላይ ጥያቄው ፍሬኑ ለምን አልያዘም ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ (ዜሮ) አድርጎ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ከወረደ፣ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ማቆሙ ማንም ሾፌር የሚያውቀው ነገር ነው። ከልክ በላይ ከጫነም እንደዚያው። በአንጻሩ ተሽከርካሪው በጊዜው ተመርምሮ፣ ጭነቱ ልክ ሆኖ፣ በከባድ ማርሽ እየወረደ ከውጭ የማይታይ ዕቃ ቢሰበር ድንገተኛ አደጋ ሊሆን ይችላል፤ በአንቀጽ 57 ድንገተኛ አደጋ አያስቀጣም። ስለዚህ የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ)፣ አስፋልቱ ላይ ያለው የጎማ ምልክት፣ የቴክኒክ ምርመራው ውጤትና የጭነት ሰነዱ ከምስክር ቃል በላይ ይናገራሉ። መኪናው ሳይመረመር ጋራዥ ከገባ ግን ለሁለቱም ወገን ማስረጃው ጠፋ።

ቀጭኗ ድንበር ደግሞ ይህቺ ናት። አደጋውን አውቆ “አይደርስም” ብሎ የተማመነ ሾፌር ቸልተኛ ነው። አውቆ “ቢደርስም ይድረስ” ያለ ግን 58 ውስጥ ይወድቃል፤ ያኔ ክሱ ወደ 540 ይሄዳል። ሰው ፊቱ ቆሞ እያየ መኪናውን የነዳበት ሾፌር “የትራፊክ አደጋ ነው” ቢል አያድነውም።

አባጋር ሰፈር
የሽምግልናው መልስ አጭር ነው። ግድያ በግል አቤቱታ ብቻ የሚቀርብ ክስ ስላልሆነ ደም ቢደርቅም፣ ካሳ ቢከፈልም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል። የወሎ አባጋሮች (ደም የሚያደርቁ አስታራቂ ሽማግሌዎች) ሥራ ቂም በቀሉን ማስቆም ነው፤ የፍርድ ቤቱን ቦታ አይተካም። ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ከልብ መጸጸት፣ እጅን መስጠትና ጉዳትን በተቻለ መጠን መካስ በአንቀጽ 82 ቅጣት ያቀልላሉ። ስለዚህ የዕርቁን ሰነድ የሽማግሌዎቹን ፊርማ አስፈርሞ ለቅጣት ማቅለያ ማቅረብ ይገባል። አደገኛው ነገር ከዕርቅ በኋላ ምስክሮችን “አላየንም በሉ” ማለት ነው። ሐሰተኛ ምስክርነት በ453 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ምስክሩ ሊታሰር ይችላል።

ሸዋ በር
አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። በክሱ ላይ 540 ተጽፎ ከመጣ በቃ ያ ነው?

ቦርከና
አይደለም፣ አብሽር። መጀመሪያ የሚነካው ዋስትናን ነው፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሰው ሞቶ ክሱ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲያስቀጣ ዋስትና ስለሚከለክል በ540 የተከሰሰ እስር ላይ ሆኖ ይከራከራል። ስለዚህ ከፖሊስ ጣቢያ ጀምሮ ያለው ቃል ክብደት አለው። ዝም የማለት መብት አለ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው። ጠበቃ ማቆም ለማይችልና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆማል።

ከዚያ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ሲያበቁ፣ ማስረጃው 540ን ካላሳየ ችሎቱ “በ541 ወይም በ543 ይከላከል” ብሎ አንቀጹን ዝቅ ማድረግ ይችላል። ክሱ ሳይሻሻል ግን ከ540 ወደ 539 ከፍ አድርጎ ጥፋተኛ ሊለው አይችልም።