ክሩዝ ኮንትሮሉ በራሱ ይለቃል፣ የፍሬን መብራቱም እንዳሻው ይበራል፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ

ሰላም ለዚህ ቤት። መኪናዬ የ2006 ሞዴል የጃፓን ሴዳን ናት፣ አውቶማቲክ። ሰሞኑን ወደ ኮሎምበስ ስነዳ ክሩዙን (ነዳጅ ሳልረግጥ ፍጥነቱን የሚይዝልኝን) በሰዓት 65 ማይል ላይ አደረግኩት። ጥቂት ይሄድና እግሬ ፍሬኑን ሳይነካ ይለቃል። መልሼ ስጫነው አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። መንገዱ ጎርበጥ ሲል ደግሞ ይብስበታል። ነዳጅ ልቀዳ ስቆም ከኋላዬ ይመጣ የነበረ ሰው «ፍሬን ሳትይዢ መብራትሽ ብልጭ ድርግም ይላል» አለኝ። ቤት ደርሼ ሳየው ግን ምንም የለበትም። ዳሽቦርዱ ላይም የበራ ምልክት የለም። አንድ ጋራዥ የክሩዙን ሲስተም በሙሉ እንቀይረው ብሎ የማይቀመስ ዋጋ ጠራብኝ። ሁለቱ ችግሮች ይገናኛሉ ወይስ ለየብቻ ናቸው?

የታክሲ ሹፌር፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ የኔ ክሩዝ እንደዛ ሲያደርገኝ ችግሩ መሪው ውስጥ ነበር። ከመሪው ጋር የሚጠቀለልና የሚፈታ ጠፍጣፋ ገመድ አለ። እሱ ሲበጠስ መሪው ላይ ያሉት ቁልፎች አይሠሩም። እሱን አሳዪ።

የመኪና ኤሌትሪሺያን፣ አዲስ አበባ

ወንድሜ ያልከው ገመድ እውነት ነው፣ ይበጠሳል። ሲበጠስ ግን ብዙ ጊዜ ጥሩምባውም አብሮ ዝም ይላል፣ የኤርባግ መብራትም ይበራል። የፍሬን መብራት ጋር አይደርስም። እዚህ ሁለት ነገር ባንዴ ታሟል። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ነው መፈለግ። እሱም ፍሬን ፔዳሉ ላይ ያለው ስዊች ነው።

ልጄ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ጎንበስ ብለሽ በባትሪ እይው። ከፔዳሉ ክንድ በላይኛው በኩል ሽቦ የተሰካበት ትንሽ ስዊች አለ። ጫፉ ላይ ገባ ወጣ የሚል ዘንግ አለው። እግርሽን ስታነሺ ፔዳሉ ተመልሶ ዘንጉን ይጫነዋል፣ መብራቱም ይጠፋል። ስትረግጪ ዘንጉ ይለቀቃል፣ መብራቱ ይበራል። በብዙ መኪና ያው አንድ ስዊች አራት ሽቦ አለው። ሁለቱ ለመብራቱ፣ ሁለቱ ለክሩዙ። ሁለት ስዊች ጎን ለጎን ያላቸውም አሉ። ክሩዝ «ፍሬን ተይዟል» የሚል ምልክት ከደረሰው ወዲያው መልቀቅ አለበት። ሆን ተብሎ ለደህንነት የተሠራ ነው። ያንቺ ክሩዝ ጤነኛ ይመስለኛል። የተሳሳተ ምልክት እየደረሰው ነው።

ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ይህን አድርጊ። ማታ መኪናሽን ኋላዋን ወደ ግድግዳ አድርገሽ አቁሚ። የፍሬን መብራቱ ቀይ ሆኖ ግድግዳው ላይ ይታይሻል። አሁን ጫማሽን ከፔዳሉ ሥር አስገቢና በእግርሽ ጀርባ ፔዳሉን ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ሳቢው። ከዚያ ላላ አድርጊውና ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጊው። ሳትረግጪ መብራቱ ከበራ፣ ወደ ላይ ስትስቢው ደግሞ ከጠፋ፣ ወይ ስዊቹ ቦታውን ለቋል ወይ ፔዳሉ ላይ ያለችው መጫኛ ተሰብራለች። መጫኛዋ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ጎማ ወይም ፕላስቲክ ናት። የፔዳሉ ክንድ ላይ ባለ ቀዳዳ ውስጥ ነው የምትሰካው። ሲያረጅ ትፈረካከሳለች። ያኔ የስዊቹ ዘንግ በባዶው ቀዳዳ ያልፋል፣ መኪናዋም ፍሬን እንደተያዘ ትቆጥረዋለች። ግማሿ ብቻ ከተሰበረች ነው አንዴ ደህና አንዴ በሽተኛ የምትሆነው። ፔዳሉን መሳብ ምንም ካልለወጠ፣ ስዊቹን በካቻቪቴ እጀታ ቀስ አድርገሽ ስትመቺው ግን መብራቱ ካበደ፣ ችግሩ የስዊቹ ውስጥ ነው።

ወለሉንም እይው። የፕላስቲክ ፍርፋሪ ካገኘሽ ሌላ ምርመራ አያስፈልግሽም።

የራይድ ሹፌር፣ ሲያትል

ጋሼ ባሉት እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ችግሩ የሚመጣው የፊት መብራት ስታበሪ ብቻ ነው? ከሆነ ወደ ኋላ አምፖሎቹ ሂጂ። ብዙ መኪና ላይ አንዱ አምፖል ውስጡ ሁለት ክር አለው። አንዱ ለኋላ መብራት፣ ሌላው ለፍሬን። አንዱ ክር ተበጥሶ ሌላው ላይ ሲያርፍ የኋላ መብራቱ ኤሌክትሪክ ወደ ፍሬን መስመሩ ያልፋል። ክሩዙም ፍሬን ተያዘ ብሎ ይለቃል። የአምፖሉ ማቀፊያ ሲዝግና ማሳው (ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው የመሬት ሽቦ) ሲላላም ተመሳሳይ ነገር ያመጣል። ሌላም አለ። በአንዳንድ የቆዩ መኪኖች አምፖሎቹን በኤልኢዲ ከቀየሩ በኋላ ክሩዝ ጭራሽ አልይዝም ይላል፤ ሲስተሙ የሚፈልገው የድሮውን አምፖል ስለሆነ።

ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) ካገኘሽ ሰኪው። ፒ0504 ወይም ፒ0571 ካወጣ የሚያወራው ስለ ፍሬን ስዊቹ ነው። ኮድ ባይኖርም የቀጥታ ንባቡ ላይ የፍሬን ስዊቹን መስመር ክፈቺ። ሳትረግጪ «በርቷል» እያለ ከዘለለ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀንም ማታም ነው የሚያደርገው። ጋሼ እንዳሉት ፔዳሉን ወደ ላይ ስስበው መብራቱ ይጠፋል፣ ስለቀው ይበራል። ምንጣፉን ሳነሳ ሰማያዊ የፕላስቲክ ስብርባሪ አገኘሁ! መጫኛዋን አዝዣለሁ፣ ጥቂት ዶላር ናት። እስክትመጣ ድረስ ስዊቹን ነቅዬ ብነዳስ?

የመኪና ኤሌትሪሺያን፣ አዲስ አበባ

በፍጹም እንዳትነቅይው። ነቅለሽ ከነዳሽ የፍሬን መብራት የለሽም ማለት ነው፣ ከኋላ የሚመጣው እንዴት ይወቅልሽ? በብዙ አውቶማቲክ ላይ ማርሹም ከፒ (ከማቆሚያው ማርሽ) አልወጣም ይልሻል። ለጊዜው ቀዳዳው ውስጥ ጭንቅላቱ ሰፋ ያለ አጭር ብሎን ከተቺና ከኋላ በዳዶ እሰሪው። ጭንቅላቱ በስዊቹ በኩል ይሁን። በማስቲሽ ያጣበቁትን አላምንም፣ ይወድቃል። መኪናዋን ስታቆሚ ግን መብራቱ መጥፋቱን ሳታዪ አትግቢ፤ ባትሪ ይጨርሳል።

መጫኛዋ ስትመጣ አሮጌውን ቅሪት በፒንሳ አውጪና አዲሷን በጣትሽ ግፊያት፣ ጠቅ ብላ ትገባለች። ስዊቹን ከነካካሽ ግን ተጠንቀቂ። ወደ ፔዳሉ አብዝተሽ ካስጠጋሽው ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ፍሬኑ እየተያዘ ይሄዳል፣ ጎማው ጋር ሽታና ሙቀት ይመጣል። ፔዳሉ ከመያዙ በፊት ትንሽ ባዶ ጉዞ ሊኖረው ይገባል። ስትጨርሺ ሰው ከኋላ አቁሚና ሦስቱንም መብራት ይይልሽ። ክሩዙን ባዶ መንገድ ላይ ሞክሪ። ፔዳሉን ገና ነካ ስታደርጊው መልቀቅ አለበት። ካልለቀቀ ወዲያው አጥፊውና አትጠቀሚበት።

ሌላ ጠያቂ፣ አዳማ

ይቅርታ በመሀል ገባሁ። የኔ መኪና በቁልፍ ሳይሆን የማስነሻ አዝራር በመጫን ነው የሚነሳው። አንዳንዴ ፍሬን ረግጬ ስጫን ዳሽቦርዱ ይበራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። ባትሪው አዲስ ነው። በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ክሩዙ ሲለቅም አይቻለሁ። ይሄም ከዚሁ ስዊች ነው?

የራይድ ሹፌር፣ ሲያትል

ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው መኪና ፍሬን መያዙን ካላረጋገጠ አይነሳም፤ የሚያረጋግጠውም በዚሁ ስዊች ነው። በኤፕሪል 2013 ሀዩንዳይና ኪያ አሜሪካ ውስጥ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ መኪና ለዚሁ ስዊች ለጥገና መልሰው ጠርተው ነበር። ከተዘረዘሩት ምልክቶች ውስጥ የፍሬን መብራት አለመብራት፣ ክሩዝ በፍሬን አለመልቀቅ እና በአዝራር አልነሳ ማለት ነበሩበት። መኪናህ ከአሜሪካ የገባ ከሆነ ባለ 17 የሻንሲ ቁጥሩን ኤንኤችቲኤስኤ የሚባለው የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገባው። ያልተሠራ ጥሪ ካለበት ያሳይሃል።

የመኪና ኤሌትሪሺያን፣ አዲስ አበባ

በሚቀጥለው እምቢ ሲልህ ፍሬኑን እንደረገጥክ ሰው ኋላውን ይይልህ። መብራቱ ካልበራ መጀመሪያ ስቶፕ የሚለውን ፊውዝ እይ፣ ከዚያ ስዊቹን። መብራቱ እየበራ ካልተነሳ ግን ሌላውን የስዊቹን መስመር በቴስተር መለካት ያስፈልጋል። ስዊች ልትገዛ ሶማሌ ተራ ስትወርድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። የሽቦውን ቁጥርና የሶኬቱን ቅርጽ አስተያይ፤ መልካቸው አንድ ሆኖ ሥራቸው የተለያየ አለ። ያገለገለ አትግዛ። የሚበላው ውስጡ ነው፣ በዓይን አይታይም።